ግርማ ገበያውን ሊያይ የወጣ ቀን

ባለፈው ሳምንት የመጨረሻው ልጄ በረንዳ ላይ ተቀምጦ እንግሊዝኛውን ጮክ ብሎ ያጠናል። ሰው የሚራወጥበትን ቦታ ቢዚ፣ ሰው የተጨናነቀበትን ክራውድድ እያለ ይለያል። ሽንኩርት ከምልጥበት ተነስቼ «ዝጋው ይህን ደብተር!» ብዬ ጮህኩበት። ደነገጠ። «ምን አጠፋሁ እማዬ?» አለኝ። ምንም አላጠፋም። መልሱን በአፌ መናገር ስላቃተኝ ነው የምጽፈው፤ ከአራተኛ ክፍል አላለፍኩምና በጽሕፈቴ አትፍረዱብኝ።

ዘመኑ የደርግ ማብቂያ ነው፤ ወጣት ወንድ ከመንገድ እንደ እህል እየታፈሰ ወደ ጦርነት የሚላክበት። ወንድሜ ግርማ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ነበር፣ እኔ የአሥራ አራት ዓመት ልጅ። አባታችን ሞቷል። እናታችን ግርማን ሦስት ሳምንት ሙሉ ከደጅ አላስወጣችውም፤ ትምህርት ቤትም አስቀርታዋለች። የድሬዳዋ ግንቦት ቆርቆሮ ስር ምን እንደሆነ የኖረበት ያውቀዋል። በካናቴራ ሆኖ፣ ወለሉን ውሃ እየረጨ፣ የክፍል ጓደኛው የምትልክለትን የቤት ሥራ ይሠራል።

አንድ ቀን ጠዋት ስለ ገበያ በእንግሊዝኛ ጻፉ ተብለው ኖሮ፣ «አንቺ፣ መጋላ ገበያ ጠዋት ቢዚ ነው ክራውድድ?» አለኝ።

«እኔ ምን አውቄ?»

«ሰዉ ጉዳይ ይዞት ሲራወጥ ቢዚ ነው። ዝም ብሎ ቆሞም ቢሆን፣ በዝቶ ከተጣበበ ክራውድድ። ፓክድ ደግሞ መርፌ መጣያ ሲጠፋ።»

«ሦስቱንም ጻፋቸዋ!»

«አቦ ተይ! አንዱን ነው መምረጥ ያለብኝ።»

እኔ ከእናቴ ጋር እየተፈራረቅሁ መጋላ ዘይቱን እሸጥ ነበር፤ ሌላው አገር ጓቫ የሚለውን። ያን ጠዋት እናቴ ቤተ ክርስቲያን ሄዳለች። «ታዲያ መጥተህ አታየውም? እንደ ሙሽራ ተቀምጠህ ቃል ከምትመርጥ!» አልኩት። ሳቀ። ሸሚዙን ለበሰ። «እማዬ ሳትመጣ እመለሳለሁ» ብሎ ቅርጫቴን ተሸከመልኝ። ደረቁን የወንዝ አሸዋ ተሻግረን ገባን።

ገበያው እንደ ወትሮው መሰለኝ። ሳምቡሳ ይጠበሳል፣ አንዱ በሶማልኛ ይጣራል፣ ሌላው በኦሮምኛ ይከራከራል። ግርማ እንደ ተፈታ እስረኛ ዓይኑ አላርፍ አለ። «ቢዚ ነው! ቢዚ ነው!» ይላል። ከጎኔ ቲማቲም የምትሸጠው አደ ዘይነባ ግን ገና ስታየው ፊቷ ተለወጠ።

«ይሄን ልጅ ምን ነክቶሽ ነው ያመጣሽው? ኩሊዎቹን አታይም? ወላሂ አንድ ኩሊ የለም!»

እውነቷን ነው። ጆንያውን ሁሉ የተሸከሙት ሴቶች ነበሩ። ኩሊ አፈሳን ቀድሞ ይሰማል፣ ቀድሞም ይሰወራል። ገበያ የዋለ ሁሉ ይህን ያውቃል፤ እኔም አውቅ ነበር። ያን ቀን ግን የማየው ወንድሜን ደስ ሲለው ነበር።

አደ ዘይነባ ሽርጧን ፈታ ልትሸፍነው ስትል፣ የወታደር መኪናዎች የመንገዱን ሁለት አፍ ዘጉት። ወታደሮቹ ወንዱን ከሴቱ ለይተው መሬት ላይ አስቀመጡት፣ ጉልበት ለጉልበት። ከዚያ ጫኗቸው፤ እጅ ማንሻ እንኳ አልነበራቸውም። ሦስቱንም ቃል በአንድ ጠዋት አየኋቸው። ግርማ ከትከሻ መሀል አንገቱን አውጥቶ፣ «እማዬን፣ እኔ ራሴ ነኝ የወጣሁት በያት! እኔ ራሴ!» ብሎ ጮኸልኝ።

አልኳት።

ደብዳቤም፣ መርዶም አልመጣም። እናቴ ከዚያ በኋላ አሥራ አንድ ዓመት ኖረች። ጎረቤት ሊያጽናናት ሲመጣ «ልጄ እኮ ምክር አይሰማም ነበር፤ እልኸኛ ነበር» ትላለች። እኔ ሻይ አቀርባለሁ። ልትሞት ሰሞን እውነቱን ልነግራት አልጋዋ ጫፍ ተቀመጥኩ። «ምን ልትዪ ነው?» አለችኝ። «ውሃ ልስጥሽ?» አልኳት። ልጇን እንደተቀየመች ሄደች።

ዛሬ ልጄ ከበር ሲወጣ «የት? ከማን ጋር?» እላለሁ። «አታምኚኝም» ይለኛል። የማላምነው አንተን አይደለም ልጄ። የገዛ አፌን ነው።