ገመዱን የያዘው እጅ

ማይክሮፎን እጄ ሲገባ፣ ሌላ ነገር ከማድረጌ በፊት፣ ወንፊቱን በጥፍሬ ሁለት ጊዜ ጫር ጫር አደርገዋለሁ። ባለፈው እሑድ ከመዘምራኑ አዳራሽ ስንወጣ «እትዬ፣ ሁልጊዜ ለምንድን ነው የሚጭሩት?» ብለሽ ጠየቅሽኝ፤ ጓደኞችሽም ሳቁ። እኔም ስቄ አለፍኩሽ። የአርባ ምንጭ ሙቀት የቆየ ነገር ለማውራት አይመችም። ቤቴ ከገባሁ በኋላ ግን ያ ትንሽ የመጫር ድምፅ ከጆሮዬ አልወጣ አለ። ተከትሎት የረጠበ የበግ ጠጉር ሽታ መጣ፤ ከሽታው ጋር የአባቴ አውራ ጣት። ስለዚህ መልሱን ልጻፍልሽ።

ያን ጊዜ ሃያ ዓመት አልሞላኝም ነበር። ደብረ ብርሃን ሁለት ዓመት ኮምፒውተር ተምሬ ወደ መንዝ፣ ወደ ዘመሮ ተመልሻለሁ። በሰንበት ትምህርት ቤታችን መብራት የሚነካው ነገር ሁሉ፣ የተቃጠለ አምፖል ሳይቀር፣ ወደ እኔ ይመጣ ነበር። በዚያ ዓመት ዐቢይ ጾም እኩሌታ ላይ የደብራችን የዜማ መምህር፣ የኔታ፣ ጉሮሯቸውን ታመሙ። ሐኪም አያቸውና እብጠት አለ፣ አዲስ አበባ ሄደው ቀዶ ሕክምና ይደረግላቸው አለ። ለሰንበት ትምህርት ቤቱ ሰብሳቢ ለብቻው የነገረውን ደግሞ ሰብሳቢው ለእኔ ሹክ አለኝ፤ «ነፍሳቸው ትተርፋለች፤ ድምፃቸው ግን ላይመለስ ይችላል።»

የዜማው ምልክት መጽሐፉ ላይ አለ፤ የተማረ ሁሉ ያነበዋል። አጣጣሉ ግን፣ ድምፁ የት ላይ እንደሚሰበርና የት ላይ እንደሚንሳፈፍ፣ የኔታ ከመምህራቸው በጆሮ የተቀበሉት ነበር። ያንን አሟልቶ የያዘ ሌላ ሰው በአካባቢው አልቀረም፤ ደቀ መዛሙርቱም ገና መንገድ ላይ ነበሩ። ስለዚህ ከመሄዳቸው በፊት የጾሙ ዜማ እንዲቀዳ ተወሰነ። ማይክሮፎኑና ሳውንድ ካርድ የሚባለው ትንሽ ሳጥን ከአዲስ አበባ የደረሱልን በዋዜማው ስለ ነበር፣ የቀረን የጉዟቸው ቀን ብቻ ሆነ። መኪናዋ የምትነሣው ስምንት ሰዓት ነው። መብራት በተራ ነበር፤ የእኛ ተራ ስድስት ሰዓት ላይ ያበቃል። አዳራሹን ስከፍት ሁለት ሰዓት ተኩል ሆኖ ነበር።

የአዳራሹ ጣሪያ ቆርቆሮ ነው። ከጓሳ ተራራ በኩል የሚመጣው ነፋስ ሲያንቀጫቅጨው ሰው ከሰው አይደማመጥም። አባቴ ከቤት አምስት ባና በአህያ ጭኖ መጣ፤ በብርድ የምንለብሰውን ያንን ወፍራሙን የበግ ጠጉር። መንገድ ላይ ጤዛ ነክቶት ነበር። ግድግዳውንም መስኮቱንም ሸፈነበት። ክፍሉ ጨለመ፣ የበግ የበግ ሸተተ፤ ድምፃችንም ወዲያው አጠረ፤ ቃል ከአፍ ወጥቶ እዚያው የሚወድቅ ይመስል ነበር።

«ገበሬው፣ እዚያ ጥግ ላይ ቀዳዳ ትተሃል» አሉ የኔታ፣ በበርኖሳቸው እንደ ተጠቀለሉ።

«እሺ የኔታ» አለ አባቴ።

በስሙ አይጠሩትም ነበር። በልጅነቱ አራት ዓመት ከእሳቸው ዜማ ተምሯል። አያቴ ሲሞት መሬቱን የሚይዝ ሰው ጠፋና ሳይሰናበታቸው ወደ ቤቱ ገባ። ከዚያ ወዲህ፣ ሠላሳ ዓመት ሙሉ፣ «ገበሬው» ነው። አባቴም ቢሆን ከዚያ ወዲህ ሲያዜም የሰማው የለም። በበዓል ቀን እንኳ ከሰው ኋላ ቆሞ ከንፈሩን ገጥሞ ነበር የሚያስቀድሰው።

የምንቀዳበት ላፕቶፕ ያገለገለ ነው። ባትሪው ሞቷል፤ የቻርጀሩ መሰኪያም ስለላላ በጣት ገፋ አድርጎ የሚይዘው ሰው ካላገኘ ይጠፋል። «እኔ እይዘዋለሁ» አለ አባቴ። በርጩማ ስቦ ከላፕቶፑ ጎን ተቀመጠና ገመዱን በአውራ ጣቱ ደገፈው።

ሳጥኑን ሰካሁ። ቀይ መብራቱ በራ፤ ኮምፒውተሩ ግን አላወቀውም፤ ቢጫ ምልክት አውጥቶ ዝም አለ። ሁለቱን የሚያግባባው ትንሽ ፕሮግራም፣ ድራይቨር የሚሉት፣ አልነበረም። ከኢንተርኔት መውረድ ነበረበት፤ ኔትወርክ የሚገኘው ደግሞ ከደወሉ ቤት ጀርባ ካለው ጉብታ ላይ ነው። ስልኬን ይዤ ሮጥኩ። ነፋሱ ነጠላዬን ሊገፈኝ ይታገላል፤ ስልኩ ላይ ያለችው መስመር ትሄዳለች፣ ትቆማለች። «እመቤቴ፣ እባክሽ» እላለሁ። ሊያልቅ ትንሽ ሲቀረው ተቋረጠብኝና እንደገና ከመጀመሪያው ጀመርኩ። ስመለስ አራት ሰዓት አልፎ ነበር።

«ደብረ ብርሃን ያስተማሩሽ ሩጫ ነው እንዴ?» አለኝ ሰብሳቢው፣ ሰዓቱን እያየ።

«ተዋት» አሉ የኔታ። «እኔ ይህችን ዜማ ለመያዝ ሦስት ክረምት ፈጅቶብኛል።»

ድራይቨሩን ጫንኩት። ኮምፒውተሩ «ጠፍቼ ልብራ» አለ። እስኪነሣ ድረስ ውዳሴ ማርያም የጀመርኩ ይመስለኛል፤ መጨረሴን አላስታውስም። ቢጫው ምልክት ጠፋ። የመቅጃውን ፕሮግራም ከፍቼ ድምፅ ከሳጥኑ እንዲቀበል አደረግሁት።

«የኔታ፣ መጠኑን እንዳስተካክል ትንሽ ነገር ይበሉልኝ።»

«ምን ልበል?»

«ለሙከራ ነው፤ ደስ ያለዎትን።»

«ለሙከራ የሚዜም የለም» አሉ። መቋሚያቸውን ተመርኩዘው ተነሡና የመጀመሪያውን ክፍል፣ አንዲት ሳያስቀሩ፣ አዜሙት።

መልሼ ሳሰማው ጣ ጣ ጣ ይላል። «ገብስ እየቆላሽ ነው?» አለ ሰብሳቢው። ሳቅ ግን አልመጣልንም። ኮምፒውተሩ ድምፁን እፍኝ እፍኝ እያደረገ ነው የሚቀበለው፤ እፍኙ ሲያንስ አሮጌ ማሽን መድረስ ያቅተዋል። ማስተካከያውን ፈልጌ አገኘሁና እፍኙን አበዛሁለት። የኔታ እንደገና ተነሡ፤ እንደገና ከመጀመሪያው። አሁን ጥርት አለ። ዜማው መጨረሻ ላይ ግን ድምፃቸው ሲሰነጠቅ ሁላችንም ሰማን።

«የታመመ እኮ ይፈቀድለታል፣ የኔታ። ውኃ ላምጣልዎት?» አለ ሰብሳቢው።

«ለእኔ ነው ወይስ ለማይክሮፎኑ?» አሉ። ከዘጠኝ ሰዓት በፊት ጠብታ እንደማይቀምሱ እያወቀ ነው የጠየቃቸው።

አምስት ሰዓት ተኩል ላይ ሁሉ ነገር ተሰናዳ። ሰብሳቢው ማዳመጫውን ጆሮው ላይ ለማድረግ ሲያልፍ እግሩ ገመዱን ጠለፈው። ገመዱ ከአባቴ ጣት ሥር ተነቀለ፤ ላፕቶፑም ድርግም አለ። ነፋሱ ብቻ ቆርቆሮውን ሲደበድበው ይሰማ ነበር። አባቴ ገመዱን ቀስ ብሎ መልሶ ሰካና አውራ ጣቱን እንደ ችንካር ተከለበት።

ማሽኑ እንደገና ሲነሣ ለስድስት ሰዓት ሃያ ደቂቃ ያህል ቀርቶን ነበር። ፕሮግራሙ ሲከፈት የኔታ አስቀድመው ቆመው ነበር፤ ዐይናቸውን ጨፍነዋል። አንድ ጊዜ መሞከር ይገባኝ ነበር። ነገር ግን ሙከራ ብል ሙሉውን እንደሚያዜሙት አውቃለሁ፤ ያ ጉሮሮ ደግሞ ሁለት ጊዜ አይችልም። አሳዘኑኝም፣ ፈራሁም። የመቅጃውን ቀይ ክብ ነካሁ።

ሃያ ደቂቃ ያህል አዜሙ። መቋሚያው መሬቱን በለሆሳስ ይነካል። ሰብሳቢው ማዳመጫውን እንዳደረገ «ጥርት ያለ ነው» በሚል ዐይን ያየኛል። ስክሪኑ ላይ የድምፁ ማዕበል ወፍሮ፣ ሞልቶ ይሄዳል። የኔታ ጨርሰው ዝም ሲሉ፣ የቀዳነውን አስቀምጬ ጣቴን ሳነሣ አምፖሉ ጠፋ።

«ገባ?» ብለውኝ ነበር፣ መቅጃውን ሳላቆም።

«ገብቷል፣ የኔታ።»

ባረኩኝ። ስምንት ሰዓት ላይ መኪናዋ ወሰደቻቸው።

በማግስቱ መብራት ሲመጣ ከፍቼ አዳመጥኩት። የኔታ አሉ፤ ግን ከወንዝ ማዶ እንደሚጣራ ሰው ሩቅ ናቸው። ነፋሱ አለ፣ የበርጩማው ሲጥታ አለ። ከሁሉም ፊት፣ ከጆሮዬ ሥር፣ ሌላ ድምፅ አለ፤ ዝቅ ያለ፣ የሻከረ፣ ዜማውን ቃል በቃል የሚከተል።

አባቴ ነበር።

ምን እንደ ሆነ ቆይቶ ገባኝ። ላፕቶፑ ጠፍቶ ሲነሣ ሳጥኑ ቶሎ አልነቃለትም፤ ፕሮግራሙም ሳይጠይቀኝ ወደ ኮምፒውተሩ የራሱ ማይክሮፎን ተመልሷል፤ የመርፌ ቀዳዳ የምታህል፣ ከአባቴ አፍ አንድ ስንዝር የማትርቅ። ሰብሳቢው የሰማው ድምፅ ደግሞ ከሳጥኑ በቀጥታ ወደ ማዳመጫው የሚሄደውን ነው፤ እሱ መቀዳት አለመቀዳቱን አይናገርም። የትልቁን ማይክሮፎን ወንፊት በጥፍሬ አንድ ጊዜ ጫር ባደርገው ኖሮ፣ ስክሪኑ ላይ ማዕበሉ እንደማይዘል አይቼ አውቀው ነበር።

ያን ቀን ደስ አላለኝም፤ አልዋሽሽም። በአባቴ ተናደድኩ። የኔታን የሸፈነብኝ እሱ መሰለኝ። ለማንም አልነገርኩም፤ የሚጠይቀኝን ሁሉ «እያስተካከልኩት ነው» አልኩ። ለነፍስ አባቴ ስናዘዝ «ለእኔ የነገርሽውን ለየኔታ ንገሪ» አሉኝ።

የኔታ በሰኔ አንገታቸውን በነጭ ጨርቅ ጠምጥመው ተመለሱ። ድምፅ የላቸውም፤ ሲፈልጉ ደብተር ላይ ይጽፋሉ። ላፕቶፑን ይዤ ቤታቸው ሄድኩ፤ አባቴም ገመዱን ሊይዝልኝ ተከተለኝ። በጉልበቴ ወድቄ ነገርኳቸው። ደብተራቸውን እንኳ አላነሡም፤ ክፈቺው በሚል እጃቸውን ዘረጉ።

ከፈትኩት። አባቴ የራሱን ድምፅ ሲሰማ ደነገጠ። «እኔ? እኔ እኮ ዝም ብዬ ነበር!» አለ። እስከ ዕለተ ሞቱ ድረስ ዝም ብያለሁ እንዳለ ነው።

የኔታ ጆሯቸውን አዘንብለው ሰሙ፤ ሩቁን የራሳቸውን ድምፅና ቅርቡን። አንድ ቦታ ላይ መቋሚያቸውን አንሥተው መሬቱን መቱ። ደንግጬ አቆምኩት። መልሽው አሉኝ በእጃቸው። መለስኩት፤ እዚያው ቦታ ላይ እንደገና መቱ። ያን ጊዜ ገባኝ። ተማሪ ሲሳሳት የሚያርሙት እንደዚህ ነበር። አባቴ አንገቱን ደፍቶ፣ ጣቱን ከገመዱ ሳያነሣ፣ ያችን ቦታ በለሆሳስ ደገማት። መቋሚያው ዝም አለ።

ከዚያ ደብተሩን ሳቡና ጽፈው ሰጡኝ። የመጀመሪያው መስመር ላይ የአባቴ ስም ነበር። ከሥሩ «ነገ ይምጣ» ይላል።

አባቴ ሄደ። ሽበት ያወጣ ሰው ከሕፃናት ጋር ቁጭ ብሎ ሁለት ክረምት ተማረ፤ እሱ ያዜማል፣ የኔታ በመቋሚያ ያርማሉ። የኔታ ሲያርፉ የጾሙን ዜማ ከደቀ መዛሙርቱ ፊት ቆሞ የመራው አባቴ ነበር። ሙሉውን ይዞት ነበር ወይ ብትይኝ አላውቅም። እኔ ወደዚህ መጣሁ፤ ሥራ ያዝኩ፤ በየዓመቱ ስሄድ ጥሩ ማይክሮፎን ይዤ ሄጄ እቀዳዋለሁ እል ነበር። በየዓመቱ ደግሞ ለከርሞ እላለሁ። ዐምና ሞቱን ሰምቼ ስደርስ ሰው ከቀብር እየተመለሰ ነበር።

ያለኝ እንግዲህ ያ የተበላሸው ቅጂ ብቻ ነው። ጥርት እንዲል ነፋሱን የሚያስወጣ ፕሮግራም አለ ትይኝ ይሆናል፤ አውቃለሁ፤ አልነካውም። በጾም በጾም እከፍተዋለሁ። የተሳሳተባት ቦታ ስትደርስ ጣቴ ሳላዘው ጠረጴዛውን ይመታል። ከዜማው በኋላ ትንሽ ዝምታ አለ። ከሩቅ የኔታ «ገባ?» ይላሉ፤ የልጅ ድምፅ፣ የእኔ ድምፅ፣ «ገብቷል፣ የኔታ» ይላል። ከዚያ ከጆሮዬ ሥር፣ ጣቱ የደነዘዘበት ሰው በቀስታ ይጠይቀኛል፤

«ልጄ፣ እጄን ላንሣ?»

«ቆይ አባዬ፣ ገና ነው። አታንሣ።»