የማታዋ ክኒን

ልብስ ሰፊው መቀሱን በሁለት እጁ መያዝ ከጀመረ ወዲህ ደንበኞቹ አይተው እንዳላዩ ማለፍን ለምደዋል። ቁርጥማቱ የጣቶቹን አንጓዎች አሳብጦበት፣ ጠዋት ጠዋት መርፌ መያዝ ቀርቶ የሱቁን ቁልፍ ማዞር እያቃተው ደጃፉ ላይ ይቆማል። በሽታው የቤተሰብ ነው። አሳድጋው ዛሬም ከሱቁ ጀርባ ባለችው ክፍል አብራው የምትኖረው ታላቅ እህቱ ከእሱ ቀድማ ታማበታለች፤ ጣቶቿም እንደተጨበጡ ቀርተዋል።

ስለ መድኃኒት ሙከራው የነገረችው ነጭ ጋውኗን ልታስጠብብ የመጣች ነርስ ናት።

«ጋሼ፣ እጅዎ እንዲህ ሆኖ ዝም ይላሉ? እኛ ጋ ለዚሁ በሽታ አዲስ መድኃኒት እየተጠና ነው። ግማሹ ሰው መድኃኒቱን ይወስዳል፤ ግማሹ ደግሞ መልኩ ያው የሆነ ባዶ ክኒን። ማን የቱን እንደሚወስድ እኛም አናውቅም።»

«ባዶው ቢደርሰኝስ?»

«ካልተስማማዎት በፈለጉ ቀን ያቆማሉ። የሚይዝዎ የለም።»

ወንድምና እህት አብረው ሄደው ለምርመራ ደም ሰጡ። እሱ ተቀባይነት አገኘ። እሷን ግን ጥናቱን የምትመራው ዶክተር ጉበቷ መዳከሙን ነግራ፣ መድኃኒቱ እንደሚጎዳት በማያሻማ ቃል አስረድታ መለሰቻት። እህትየው ደረጃውን ስትወርድ አጉረመረመች፦ «ይሄን ሁሉ ዓመት ስጮህ ያልታየ ጉበት ዛሬ ታያቸው!»

ተካፍሎ መብላት እንጂ ለብቻ መጉረስን በማያውቅ ቤት ያደገው ልብስ ሰፊ መድኃኒቱንም እንደ ምግብ ቆጠረው። በቀን ከሚሰጡት ሁለት ክኒኖች የጠዋቷን እሱ ይውጣል፤ የማታዋን ለእህቱ ይሰጣል። ይህን ደግነት ብሎ የጠራው ሰው ቢኖር አይፈረድበትም። ደግነት ግን ከማያውቁት ነገር ላይ ቆርሶ መስጠት አይደለም።

ጣቶቹ ቀስ በቀስ ተፍታቱ። የሷም እንዲሁ፤ አንድ ቀን ጸጉሯን ራሷ አበጥራ ወደ ሱቁ ብቅ አለች። ለምርመራ በሄደ ቁጥር ባዶውን ጠርሙስ ይመልሳል፤ ነርሷም «እንደ ጋሼ ያለ ጎበዝ የለም!» ትለዋለች። ዶክተሯ ሁለቱንም በሰዓቱ ይውጥ እንደሆነ ስትጠይቀው «እንዴታ!» ይላል። ይህች አንዲት ቃል ፊቱን ላላየው፣ ነገ መድኃኒቱ በእሱ ውጤት ተለክቶ ለሚታዘዝለት ሕመምተኛ የተነገረች ውሸት መሆኗ አልታየውም፤ ወይም እንዲታየው አልፈለገም።

ከዚያ የእህቱ ዓይን ቢጫ ሆነ። የማታዋን ክኒን ወዲያው ከለከላት፤ ቢጫው ግን ባሰ። የሰፈሩ ክሊኒክ ምን መድኃኒት እንደምትወስድ ሲጠይቃት «ምንም» አለች። በመድኃኒቱ መመረዟን ያልነገሩት ሐኪም ምን ሊያክም?

«እትዬ፣ ልንገራቸው።»

«አንተ ልጅ፣ አበድክ? ያባርሩሃል፤ እንደኔ ተጨብጠህ ትቀራለህ። ዓይኔ ቢጫ ቢሆን ምን አለበት፣ ማን ሊያጨኝ ነው?»

«ብትሞችብኝስ?»

«ብትናገር እህት የለህም። በቃ።»

ቢናገር እጁን ያጣል፤ ዝም ቢል እሷን። ከስፌት መኪናው ጀርባ ተቀምጦ፣ በሚታዘዙለት ጣቶቹ ሱሪ እየቀመቀመ፣ ስፌቱ ባማረ ቁጥር ራሱን ጠላ።

በቀጠሮው ቀን ዶክተሯ እጇን ዘርግታ «እስኪ ይጨብጡኝ» አለችው። ጨበጣት። «አሁንስ አመመኝ! ኮቴን እርስዎ ነዎት የሚሰፉልኝ» ብላ ሳቀች።

«ዶክተር፣» አለ እጇን ሳይለቅ፣ «የማታዋን እህቴ ናት ስትውጣት የቆየችው።»

«ያቺ የከለከልናት?»

«እሷው። ዓይኗ ቢጫ ሆኗል።»

ዶክተሯ ስልክ አነሳች። ማን የቱን ክኒን እንደሚወስድ የሚያሳየው የታሸገ ምስጢር ተከፈተ፤ የደረሰው እውነተኛው መድኃኒት ነበር። እህቱ በመኪና መጥታ ሆስፒታል ተኛች። ጉበቷ ሊያገግም እንደሚችል፣ ጥቂት ቢዘገይ ግን ተስፋ እንዳልነበረ ነገሩት። ለእሱ መድኃኒቱ ቆመ። መናገሩ የሚያስመሰግነው አይደለም፤ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ግዴታው ነበር።

ሊጠይቃት ሲገባ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ አገኛት።

«ከለከሉህ አይደል?»

«ከለከሉኝ።»

«ዝም ብትል ምን ነበረበት?»

«ትሞቺ ነበራ፣ እትዬ!»

«እሺ፣ ተርፌያለሁ። አሁን ማን ሰፍቶ ያበላናል?»

ከአጠገቧ ሰው እንዳይጠፋ ታዞ ስለነበር ተነሥቶ መሄድ አልቻለም። ጀርባዋን እያየ ተቀመጠ።