መንጋ ብላችሁ ከብቱን አትስደቡብኝ

ዛሬ ቆቦ ከብት ተራ አንዱ "ሌባ!" ብሎ ጮኸ። ወዲያው አንድ የዋጃ ገበሬ ፍየሉን በገመድ እንደያዘ ተከበበ፤ ቡጢው ወረደበት።

"ምን ሰረቀ?" ብዬ አጠገቤ ያለውን ጎረምሳ ጠየቅኩት።

"እኔ ምን አውቃለሁ!" አለኝና ድንጋይ ሊያነሳ ጎንበስ አለ።

(ለመምታት እንጂ ለመጠየቅ ማን ጊዜ አለው!)

ሰውየውን ያዳኑት ጎረቤቴ እትዬ ዘይነባ ናቸው። መሃል ገብተው ከኋላቸው ደበቁትና "ወላሂ፣ እኔን ሳትገድሉ እሱን አትነኩም! ፍየሏን የሸጥኩለት እኔ ነኝ!" አሉ።

ያ ሁሉ ጀግና እጁን ኪሱ ከቶ ተበተነ። ይቅርታ ያለ አንድም የለም። "ሌባ" ብሎ የጮኸውማ ሻይ ቤት ገብቶ ቁጭ ብሏል።

ገበሬው የአፍንጫውን ደም በፎጣው ጠርጎ ፍየሉን እየጎተተ ሄደ።

አሁን "የመንጋ ፍርድ" ልትሉኝ ነው። መንጋ ማለት አብሮ የሚሰማራ ከብት ነው። በግዕዝ መርዔት ይባላል፤ ከማሰማራትና ከመጠበቅ የመጣ ቃል ነው። የአባቴ ላሞች ጅብ ሲሸታቸው ጥጃውን መሃል አድርገው ቀንዳቸውን ወደ ውጭ ያዞሩ ነበር። የዛሬዎቹ መሃል ያለውን ነው የወጉት።

እናንተስ ሰፈር እንዲህ ዓይነት ነገር ገጥሟችኋል? ለእነዚህ የሚመጥን ስም ካላችሁ ጻፉልኝ፤ የእንስሳ ስም ግን አይሁን።