ለድብ የሚሆን መሣሪያ

ታላቅ ወንድሜ ከካናዳ ደውሎ «ለድብ የሚሆን መሣሪያ የትኛው ነው?» ሲለኝ መጥረጊያ ይዤ የጥይት ቀለህ እየጠረግሁ ነበር። የምሠራው ከጆሃንስበርግ በስተምሥራቅ ባለ የተኩስ መለማመጃ ውስጥ ነው። ዒላማ እሰቅላለሁ፣ ቀለህ እለቅማለሁ፣ እጁ የሚንቀጠቀጥ ተማሪ ሲገጥመኝ «ቀስ በል፣ ተንፍስ» እለዋለሁ። ሥራዬ ይኸው ነው። ለአገሬ ልጆች ግን «የመሣሪያ ሰው» ነኝ። ሐበሻ በሚበዛበት የጆሃንስበርግ ሰፈር፣ ጄፔ፣ ምሳ ልበላ ስቀመጥ የማላውቀው ሰው ሁሉ ወንበር ስቦ ይመጣና ስለ ሽጉጥ ያማክረኛል። ሐኪም ብሆን እንኳ እንዲህ የምፈለግ አይመስለኝም።

«የምን ድብ?» አልኩት እየሳቅኩ።

«ድብ ነዋ! ከማዕድ ቤቱ ኋላ ቆሻሻ መጣያውን ገልብጦ ሄደ። ሲቆም የሱቃችንን በር ያክላል። አንተ ትስቃለህ!»

ወንድሜ በዘጠኝ ዓመት ይበልጠኛል። «ጋሼ» ነው የምለው። ዳቬይተን በሚባለው ሎኬሽን፣ ማለት ከከተማው ውጪ ባለ የጥቁሮች ሰፈር ውስጥ፣ አብረን ስፓዛ ስንሠራ ብዙ ዓመት ኖረናል። ስፓዛ ማለት ከዳቦ እስከ ሻማ፣ ከስኳር እስከ ስልክ ካርድ በብረት ፍርግርግ ውስጥ ሆነህ የምትሸጥበት የሰፈር ሱቅ ነው። ኋላ የካናዳ ምእመናን ዋስ ሆነውለት ሄደ፤ አሁን በሰሜን በኩል ጫካ ውስጥ ባለ የሠራተኞች ካምፕ ምግብ ያበስላል። ቀኝ እግሩን ያነክሳል። ዳቬይተን ሳለን ዳሌው ላይ ጥይት አግኝቶታል።

«ከመኝታዬ እስከ ማዕድ ቤቱ ያለው መንገድ በዛፍ መሃል ነው» አለኝ። «ማኔጀሩ ፈቃድ ያለው መያዝ ይችላል ብሏል። ኮርሱን ጨርሼ ፈቃዴም ደርሶኛል። የቀረኝ መምረጥ ብቻ ነው፤ እሱን ላንተ ትቼዋለሁ። ከባድ እንዳትመርጥብኝ። ልገድለው አይደለም። እንደ ዳቬይተኑ አንዴ ወደ ሰማይ ካደረግሁለት ይበቃዋል።»

መጥረጊያውን ግድግዳ አስደገፍኩት። ሳቄ ከአፌ ላይ ጠፋ። ወንድሜ በዚያ እግሩ ከድብ ፊት ቆሞ ወደ ሰማይ ሊተኩስ ነው። ይህን ደግሞ ከማንም አልተማረውም፤ ከእኔ ነው። «እጠይቅልሃለሁ» ብዬ ስልኩን ዘጋሁ።

የዳቬይተኑን ነገር ከሥሩ ልናገር። በዚያ ሰሞን በሰፈራችን ሱቆች ተራ በተራ ይዘረፉ ነበር። ተሰብስበን ስንመክር ቋሚ የመኖሪያ ወረቀት ያለኝ እኔ ብቻ ሆኜ ተገኘሁ፤ ሚስቴ የዚህ አገር ሰው ናት። ሌሎቹ በጥገኝነት ወረቀት ስለሚኖሩ ሕጉ መሣሪያ አይፈቅድላቸውም። ስለዚህ እኔ ተማርኩ። ያስተማሩኝ ሽማግሌ በወጣትነታቸው አንበሳና ጎሽ ባለበት ዱር ውስጥ ጎብኚዎችን በእግር እየመሩ ኖረዋል። አሁን አለቃዬ ናቸው። ገና በመጀመሪያው ቀን ትልቁን ሽጉጥ ሳነሳ አይተው ቀሙኝ። «ይህን የመረጠው ፍርሃትህ ነው። እጅህ የሚችለውን ምረጥ» አሉኝ። ቀጥለውም ወደ ሰማይ የሚተኮስ ጥይት የሚባል ነገር እንደሌለ ነገሩኝ። መተኮስ ካለብህ ትተኩሳለህ፣ ከሌለብህ ደግሞ እጅህን ከመሣሪያው ላይ ታነሳለህ። እኔም እሺ ብዬ ጭንቅላቴን ነቀነቅሁ። ጭንቅላት መነቅነቅ ምን ችግር አለው!

እጄ ግን አልተማረም። እኛ ከሆሳዕና ወዲያ ካለ ገጠር ነን። ጅብ በረት ሲደፍር አባቴ ያንን አሮጌ ጠመንጃውን ወደ ሰማይ ያጮኸዋል። ጅቡ ይሮጣል፣ ጎረቤቱ ጦሩን ይዞ ይደርሳል። ለቅሶ ቤትም ትልቅ ሰው ሲሞት ወደ ሰማይ ነው የሚተኮሰው። በእኛ ዘንድ ወደ ላይ የተተኮሰች ጥይት ማንንም አትጎዳም፤ «አለሁ፣ ኑ» ማለት ናት። ይህን ማንም ቁጭ አድርጎ አላስተማረኝም፤ ሳየው ነው ያደግሁት።

አንድ ቅዳሜ እኩለ ቀን ላይ ሦስት ሰዎች መጡ። ዳቦ አቅራቢው ገና መሄዱ ስለነበር የጎኑ በር አልተቆለፈም፤ በዚያ ገቡ። ወንድሜ አንድ ሕግ ነበረው፤ ለእኔም ያስተማረኝ እሱ ነው። ሲገቡብህ በግንባርህ ተኛ፣ እጅህን ዘርጋ፣ ፊታቸውን አትይ፣ የሚወስዱትን ይውሰዱ። እንዳለውም ከባንኮኒው ኋላ በግንባሩ ተኛ። እኔ የበቆሎ ዱቄት ከተደረደረበት ጓዳ ውስጥ ነበርኩ። አላዩኝም። በኬሻዎቹ መሃል ሁሉንም አያለሁ፤ ሽጉጡም ወገቤ ላይ ነው።

የገንዘብ መሳቢያውን፣ ሲጋራውንና የወንድሜን ስልክ ወሰዱ። ማንንም አልመቱም። እንዲያውም አንደኛው ሲወጣ «ሶሪ፣ ማይ ፍሬንድ» አለ። ሎኬሽን ውስጥ እኛ የውጭ አገር ባለሱቆች ሁላችንም ስማችን «ማይ ፍሬንድ» ነው። ሁለቱ ወጡ። የመጨረሻው ሽጉጡን ጃኬቱ ውስጥ ከትቶ፣ ጀርባውን ሰጥቶን፣ አንድ እግሩን ደጅ አሳርፏል። አለቀ ማለት ነው። ዝም ብል ኖሮ የምናዝነው ለሲጋራና ለስልክ ብቻ ነበር።

ያኔ እፍረት ያዘኝ። ወንድሜ አቧራ ላይ ተዘርግቶ እኔ መሣሪያ ታጥቄ ኬሻ ሥር መደበቄ አንገበገበኝ። ከጓዳው ወጥቼ ወደ ጣራው ተኮስኩ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ይባላል፤ ያ ውሻ እኔ ነኝ። ሰውየው በእሱ ላይ የተተኮሰ መሰለው። ዞረና ሁለት ጊዜ ተኮሰ። አንዷ የዱቄት ኬሻ ቀደደች። ሌላዋ ባንኮኒውን በስታ፣ ሕጉን አክብሮ በተኛው ወንድሜ ዳሌ ገባች።

ጎረቤቶች ፊሽካ እየነፉ ወጡ። «ጎጎ» የምንላቸው አንዲት አሮጊት ብርድ ልብሳቸውን ይዘው ሮጡ፤ አንድ የታክሲ ሾፌር ተሳፋሪዎቹን አውርዶ ሆስፒታል አደረሰን። ከኦፕራሲዮኑ በኋላ ወንድሜ ዓይኑን ሲገልጥ የመጀመሪያ ጥያቄው «ምንድን ነው የሆነው?» የሚል ነበር። በግንባሩ ተኝቶ ስለነበር ምንም አላየም። እኔም «ሊገድሉህ ቆመውብህ ነበር። ተኩሼ አባረርኳቸው፤ ሲሸሹ የተኮሱት ነው ያገኘህ» አልኩት። ውሸቱ አስቀድሞ የተዘጋጀ ይመስል ሳይደናቀፍ ወጣ። እጄን ይዞ አለቀሰ።

በቤተ ክርስቲያናችን ከሞት የተረፈ ሰው ዝም ብሎ አይቀመጥም፤ ጉባኤ ፊት ወጥቶ ይመሰክራል። ወንድሜም ክራንቹን ተደግፎ ወጣ። «ሊገድሉኝ ቆመውብኝ ሳለ እግዚአብሔር ወንድሜን አስነሳ። ወደ ላይ አንዴ ቢተኩስ ደንግጠው ሸሹ» አለ። እልልታው አዳራሹን ሞላው። ሰው ሁሉ ዞሮ አየኝ። እኔም «አሜን» አልኩ። ያውም ከሁሉም ጮክ ብዬ።

እውነቱን የሚያውቁት ሽማግሌው ብቻ ነበሩ። ሽጉጡን ፖሊስ ከመለሰልኝ በኋላ ወስጄ ጠረጴዛቸው ላይ አስቀመጥኩት፤ «አልፈልገውም» ብዬ ሁሉንም ነገርኳቸው። አልተቆጡም፣ አላጽናኑኝምም። ጥግ የቆመውን መጥረጊያ አንስተው ሰጡኝ። እዚያው ቀረሁ።

እንግዲህ የድቡን ጥያቄ ለእሳቸው ነበር ያቀረብኩት። ድብ በሥዕል እንጂ በዓይናቸው አይተው አያውቁም፤ ግን እዚያ አገር ለሚኖር አንድ የድሮ የሥራ ባልደረባቸው ስልክ ደውለው በማግስቱ መልስ አመጡ። ሽጉጥ ይቅር አሉ፤ በሚሮጥ አውሬ ላይ በድንጋጤ እጅ መምታት ቀላል አይደለም። የሚሻለው ረጅም መሣሪያ ነው። ወይ ኃይለኛ የአደን ጠመንጃ፣ ወይም በብዙ ጥቃቅን ፍንጣሪ ፈንታ አንድ ወፍራም የእርሳስ ጥይት የሚጎርስ ሾትገን። ከዚህ ሁሉ በፊት ግን ወገቡ ላይ የበርበሬ ስፕሬይ ይያዝ፤ ነፋሱን እያየ ድቡ ሲቀርብ ፊቱ ላይ ይንፋበት። አይሩጥ። እያወራ ቀስ ብሎ ወደ ኋላ ያፈግፍግ። የምግብ ቆሻሻውንም ደጅ አያሳድር።

«ወደ ሰማይ ቢተኩስስ?» አልኳቸው።

መነጽራቸውን አወለቁ። «ቆሻሻ የለመደ አውሬ ጩኸትም ለምዶ ይሆናል። ሊሸሽ ይችላል፤ ላይሸሽም ይችላል። ካልሸሸ ወንድምህ ያቺን ጥይት አባክኗል፣ ጊዜውንም አባክኗል። ይህን ከአንተ በላይ የሚያውቅ አለ?»

የለም። ለወንድሜ «ወደ ሰማይ አትተኩስ» ብዬ በደፈናው ልመክረው ሞከርኩ። በእሑድ ከሰዓት በኋላ ደውዬ የበርበሬውን ነገር ስነግረው ሳቀ።

«እኛ በርበሬ የምናውቀው ለወጥ ነው! ስማ፣ አንተ ልጅ፣ ለምን ታስቸግረኛለህ? ያኔ የሠራ ነገር አሁን ለምን አይሠራም? ሦስት የታጠቀ ሰው ያባረረ ጥይት አንድ ድብ ያቅተዋል?»

ተቆጣሁ። በራሴ ነበር የተቆጣሁት፤ የጮህኩት ግን በእሱ ላይ ነው። «አላባረረም!»

«ምኑ?»

«ጥይቱ ማንንም አላባረረም፣ ጋሼ። ዋሽቼህ ነው።»

ከመጀመሪያው ጀምሬ ነገርኩት። ኬሻውን፣ «ሶሪ፣ ማይ ፍሬንድ» ያለውን ሰው፣ ጃኬት ውስጥ የገባውን ሽጉጥ፣ ደጅ ያረፈውን እግር።

«ወጥተው ነበር ማለት ነው?» አለኝ በመጨረሻ።

«እየወጡ ነበር።»

«ያንተ ባይጮህ የእሱም አይጮህም ነበር?»

«አይጮህም ነበር።»

ወዲያ ማዶ የድስት ክዳን ሲነካካ ይሰማኛል። ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። «እግዚአብሔር ይይልህ» ቢለኝ እንኳ እችለው ነበር። እሱ ግን የእግሩን ነገር ጭራሽ አላነሳም።

«እኔ በጉባኤ ፊት መስክሬያለሁ» አለ። ድምፁ ወፍሮ፣ የቤታችን ቋንቋና አማርኛው እየተደባለቀበት። «በእግዚአብሔር ስም ውሸት አስወራኸኝ። ያን ቀን እልል ያሉት ሁሉ በውሸት ነው እልል ያሉት። ስንቱ ሱቅ ያለው ልጅ ሰምቶኛል! አንዱ እንደ አንተ ልተኩስ ብሎ ቢነሳስ? እኔ ከዚህ መጥቼ ያን ቃሌን አልመልሰውም። አንተ መልስልኝ።»

«ጋሼ፣ መጀመሪያ መሣሪያውን…»

«እስክትመልስልኝ ስለ መሣሪያ አንድ ቃል አትንገረኝ። የምትለውን አላምንም።» ዘጋው።

ያ ሳምንት አላልቅ አለኝ። እዚያ ድቡ አለ፤ ወንድሜ በዚያ እግሩ በየቀኑ በዛፍ መሃል ይመላለሳል፤ ከእኔ ምክር አይቀበልም። ዒላማ ስሰቅል ሁለት ጊዜ ገልብጬ ሰቀልኩ። ሽማግሌው አይተው እንዳላዩ አለፉ።

እሑድ የምስክርነት ሰዓት ሲደርስ እጄን አነሳሁ። መጋቢያችን ደስ ብሏቸው «ወንድማችን ዛሬ ምን ተደርጎልህ ነው?» አሉና ማይክሮፎኑን ሰጡኝ። ፊት ለፊቴ ከጻካኔ፣ ከሶዌቶ፣ ከዳቬይተን የመጡ ባለሱቆች ተቀምጠዋል። ገና አፌን ሳልከፍት እልል ያለች እናት አለች።

«ምስክርነት አይደለም» አልኩ። «ወንድሜ እዚህ ቆሞ የተናገረው ውስጥ የእኔ ውሸት አለ። እሱን ልመልስ ነው የመጣሁት።»

ተናገርኩት። አንዱንም ሳላሳምር ተናገርኩት። ስጨርስ እልልታ የለ፣ ጭብጨባ የለ። መጋቢው «እንጸልይ» አሉ። ስወጣ ወትሮ ስለ ሽጉጥ ከሚያማክሩኝ አንዳቸውም አልተጠጉኝም። አንዱ ብቻ፣ ባለፈው ወር ሱቁ የተዘረፈበት፣ በሩ ላይ ቆሞ ጠበቀኝና ትከሻዬን ነካ አድርጎኝ አለፈ።

መኪና ማቆሚያው ውስጥ ሆኜ ደወልኩ። ቶሎ አነሳው።

«ተናገርክ?»

«ተናገርኩ።»

«ምን አሉ?»

«ምንም አላሉም።»

ወንበር ሲስብ፣ ያንን እግሩን በእጁ አንስቶ ሲያስተካክል ሰማሁት። ሲቀመጥ የሚያሰማውን ድምፅ ስንት ዓመት ሰምቼዋለሁ፤ እንደዚያ ቀን ግን አሞኝ አያውቅም። ቀጥሎ ወረቀት ተንኮሻኮሸ።

«እስክሪብቶ ይዣለሁ» አለኝ። «በል ንገረኝ። አሁን አምንሃለሁ።»