አደራ በሠላሳ ሁለት ቢት

ፈሪ አይደለሁም እል ነበር። ዳውንታውን የመኪና ማቆሚያ ሕንፃ ውስጥ ስሠራ ብዙ ዓመቴ ነው፤ ሰካራም ጩቤ መዞብኝ ያውቃል፣ ፍሬን እምቢ ያለው መኪና ከግድግዳ ጋር ሊያጣብቀኝ ለጥቂት ስቶኛል። እንደዚያ ቅዳሜ ጠዋት ግን ፈርቼ አላውቅም። ያስፈራኝ ደግሞ ኮምፒውተር ነው። መሳቅ ትችላላችሁ፤ ሚስቴም መጀመሪያ ስቃለች።

ከአገር ወጥተን ፌርፋክስ አካባቢ የምንኖር የወሎ ሰዎች እድር አለን፤ በእኛ አገር አጠራር ቅሬ ነው የምንለው። ሰው ሲሞት አጥበን፣ ከፍነን እንቀብራለን። የእኛ ቅሬ አንድ የራሱ ወግ አለው። አባሉ ሁሉ ከሞተ በኋላ ምን እንዲደረግለት እንደሚፈልግ፣ የት እንደሚቀበር፣ ማን ይቅር እንዲለው በሕይወት እያለ ለጸሐፊው ይናገራል። ጸሐፊው በኮምፒውተር ይጽፈዋል። ሰውየው እስኪሞት ማንም አያየውም፤ በሞተ ቀን ቤተሰቡ ፊት ይነበባል። ይህን ሁሉ የጻፉት ከእኔ በፊት ጸሐፊ የነበሩት ሽማግሌ ናቸው። እሳቸው ካረፉ ወዲህ ላፕቶፑ እኔ ዘንድ ነው። ሰው እንዳያነበው ብለው በወረቀት አንድም ነገር አላስቀሩም፤ አደራ ነዋ።

ከዚያ ቅዳሜ ሁለት ሳምንት ቀደም ብሎ ላፕቶፑ እንደ ሽማግሌ እያረፈ መሄድ ጀመረ። ሲስተሙ አርጅቷል፣ አዲስ ልጫንበት አልኩ። ልጭን ስል ሁለት ዓይነት ቀረበልኝ፦ ባለ ሠላሳ ሁለት ቢትና ባለ ስልሳ አራት ቢት። ቢት ምን እንደሆነ ወላሂ አላውቅም። ግን እኛ ቤት ለልጅ ጫማ ሲገዛ ሁልጊዜ ሁለት ቁጥር አስበልጦ ነው፤ እግሩ ያድጋል ተብሎ። እኔም ለልጆቼ እንደዚያው እገዛለሁ። ስልሳ አራትን ነካሁ። ፋይሎቹን ከነፕሮግራማቸው አስቀድሜ ፍላሽ ላይ ገልብጬ ነበርና መልሼ አስገባኋቸው። ላፕቶፑ ፈጠነ፤ ለሚስቴ ጉራዬን ነዛሁባት። አንዱንም ፋይል ግን ከፍቼ አላየሁም። የሰው አደራ ለሙከራ አይከፈትማ!

ያን ቅዳሜ ጠዋት የቅሬው ሊቀ መንበር ጋሼ ደወሉልኝ። ከአባሎቻችን አንዷ፣ ሁላችንም እትዬ የምንላቸው ሴት፣ ሳንታ ሞኒካ ሆስፒታል ተኝተው ሐኪሞቹ ተስፋ ቆርጠዋል። ወንድ ልጃቸውና ሴት ልጃቸው ኮሪደሩ ላይ ተጣልተዋል። ልጁ ወሎ እወስዳታለሁ፣ አባቷ አጠገብ ትቀበር ይላል። ልጅቷ እዚህ እኔ አጠገብ ትሁን ትላለች።

"ዝም በሉ፣ እናታችሁ አደራዋን ተናግራለች፤ ጊዜው ሲደርስ ጸሐፊው ያነብላችኋል አልኳቸው" አሉኝ ጋሼ። "እኔማ ገላጋይ መሆን ሰልችቶኛል። ተዘጋጅተሃል አይደል?"

"ኢንሻአላህ" አልኩ።

ስልኩን ዘግቼ፣ ፕሮግራሙ ይነሣ እንደሁ ብቻ ልየው ብዬ ላፕቶፑን ከፈትኩ። ሽማግሌው ይጽፉበት የነበረውን የድሮ የአማርኛ ፕሮግራም ነካሁት። ይህ ፕሮግራም በዚህ ኮምፒውተር ላይ አይሠራም የሚል የእንግሊዝኛ ጽሑፍ ብቅ አለ። ደግሜ ነካሁት፤ ያው ነው። ደንግጬ አደራነቱን ረሳሁና ፋይሉን በሌላ ፕሮግራም ልክፈተው ብል የፈረንጅ ፊደል ከነጥብና ከቅንፍ ጋር ተደበላልቆ ስክሪኑን ሞላው። የስንት ሰው የመጨረሻ ቃል ነው፤ አንድ የሚነበብ ነገር የለውም። አልጋው ላይ ተቀመጥኩ።

"ምን ሆነሃል? ፊትህ አመድ መስሏል" አለች ሚስቴ። ነገርኳት።

"በኮምፒውተር ነው እንዲህ የምትሆነው?" ብላ ሳቀች፤ ነገሩ ሲገባት ሳቋ ጠፋ። "ታዲያ ዝም ብለህ አንዱን በላቸዋ! እዚህ ይቀበሩ በል፤ ልጅቷ ታሳዝናለች። ማን ያውቅብሃል?"

"አላህ ያውቃላ!" ብዬ ጮህኩባት። የጮህኩት እኔም አስቤው ስለነበር ነው። አንዲት ሴት በሞት አፍ ላይ ሆና፣ ያልተናገረችውን ቃል ብላለች ልል ማሰቤ ከኮምፒውተሩ በላይ አስፈራኝ።

ፒኮ ሮበርትሰን ወዳለ ኮምፒውተር ጥገና ቤት ድራይቭ አደረግኩ። የምትሠራው እዚሁ የተወለደች የሐበሻ ልጅ ናት። "ሃይ፣ ምን ልርዳህ?" አለችኝ። ሃምሳ አልፎኛል፤ ሌላ ቀን ቢሆን አንተ መባሉ ትንሽ ይከነክነኝ ነበር። ላፕቶፑን ገፋሁላት።

አየችው፣ አየችውና "ሶ፣ ይሄ ፕሮግራም በጣም ኦልድ ነው። ስልሳ አራት ቢት ላይ ራን አያደርግም። ሠላሳ ሁለቱን ነው መጫን የነበረብህ" አለች።

"ትንሹን?"

"ትልቅና ትንሽ አይደለም። ስልሳ አራቱ እንዲህ ያሉ የድሮ ፕሮግራሞችን ትቷቸዋል፤ ሠላሳ ሁለቱ አሁንም ይቀበላቸዋል። ኦኬ፣ ሠላሳ ሁለት ልጫንልህ፤ ግን ያለውን ኢሬዝ ማድረግ አለብኝ። ባክአፕ አለህ?"

ፍላሹን ሰጠኋት።

"ከፍተህ ቼክ አድርገኸዋል?"

"አይከፈትም። አደራ ነው።"

ፍላሹን በጣቷ አገላበጠችው። "ሶ፣ ይሥራ አይሥራ አታውቅም?"

"አላውቅም" አልኩ። ድምፄ የእኔ አልመስል አለኝ። የፍላሹን ነገር ሌላ ቦታ ደግማ ገለበጠችና ላፕቶፑን ወደ እኔ አዞረችው። ሁሉም ነገር ይጠፋል፣ ልቀጥል ወይ ይላል ስክሪኑ። "ይሄን እኔ አልጫንም፤ ያንተ ነው" አለች። ያ ረቢ! ቢስሚላህ ብዬ ተጫንኩት።

እየተጫነ ሳለ ስልኬ ጮኸ። ጋሼ ናቸው።

"ኢና ሊላሂ ወኢና ኢለይሂ ራጂዑን። እትዬ አረፉ" አሉ። "ልጆቹ መስጊድ ናቸው፤ እየጠበቁህ ነው። ቶሎ ና፣ ጀናዛ ሳይቀበር አይቆይም።"

"መጣሁ" አልኩ። ከዚያ በኋላ ወንበሩን ይዤ ስክሪኑን ከማየት በቀር ምንም አላደረግኩም። ካልከፈተስ? ምን ብዬ ነው ዓይናቸውን የማየው?

ከፈተ። ያ የድሮ ፕሮግራም ተነሣ፤ የአማርኛው ፊደል ተደርድሮ ወጣ። እንደ ሕፃን አለቀስኩ። የጥገና ቤቷ ልጅ ደግ ናት፤ እንዳላፍር ጀርባዋን ሰጠችኝ። እትዬ አርፈዋልና አሁን ማየት እችላለሁ። በአባልነት ቁጥራቸው ፈልጌ አነበብኩ።

"ልጆቼ በመቃብሬ መጣላታቸው አይቀርም፣ አውቃቸዋለሁ። ለእኔ ምድር ሁሉ የአላህ ነው፣ የትም ይቅበሩኝ። ይህን ግን እንዳታነብላቸው። የትም ብላለች ከተባሉ ዕድሜ ልካቸውን እንደተጣሉ ይቀራሉ። እስኪስማሙ ጠብቅ። ሲስማሙ፣ እናታችሁ ያለችውም ይህንኑ ነው በላቸው። ፈቃዴ እሱ ነውና ውሸት አይሆንብህም።"

ተገላገልኩ ስል ባሰብኝ። ላፕቶፑን ጎኔ አስቀምጬ ወደ መስጊድ ነዳሁ።

እህትና ወንድም ጋሼን መሀል አድርገው ተቀምጠዋል። ዓይናቸው በለቅሶ አብጧል።

"እሺ፣ ምን ትላለች?" አለ ልጁ።

"መጀመሪያ እናንተ ተስማሙ" አልኩ።

"አንብብ እንጂ!" አሉ ጋሼ። ሲቆጡኝ የመጀመሪያቸው ነው።

"አላነብም፣ ጋሼ።"

ልጁ ተነሥቶ ቆመ። "አጥፍቶታል! አያችሁት? ፊቱን እዩት! አደራ በላ!"

በሕይወቴ እንደዚህ ያለ ስድብ ወርዶብኝ አያውቅም። አልጠፋም፣ ይኸው ለማለት በአንድ ጣት መንካት ብቻ ይበቃል። ላፕቶፑን ጉልበቴ ላይ እንደተከደነ ያዝኩት።

በመጨረሻ ልጅቷ ወንድሟን እጁን ይዛ አስቀመጠችው። "ስድስት ዓመት እኔ ነኝ ያስታመምኳት። ወሎ ብትወስዳት መቼ ሄጄ አያታለሁ?" አለችው፤ አልጮኸችም። ልጁ ፊቱን በእጁ ሸፍኖ ተንሰቀሰቀ። "እሺ" አለ ቆይቶ። "እሺ፣ እዚህ ትሁን።"

"እናታችሁ ያሉትም ይህንኑ ነው" አልኩ።

እህቱ ደረቴ ላይ ተደፍታ አለቀሰች። እሱ ግን እንባውን ጠርጎ ቀና ብሎ አየኝ።

"ታዲያ ቅድም ለምን አላልክም?"

ላፕቶፑን ብብቴ ሥር ከትቼ ተነሣሁ። አሁን ፌርፋክስ ላይ ሲያየኝ መንገድ ይሻገራል። ለሰው ሁሉ የእናቴን አደራ አጥፍቶ ከራሱ ፈጥሮ ተናገረ ብሎ ነግሯል፤ ከቅሬውም ሁለት ሰዎች ጸሐፊ ይቀየር ብለዋል። እህቱ ግን በየበዓሉ እሱ ቤት ትበላለች፣ ልጆቹም አክስቴ አክስቴ ይሏታል። ላፕቶፑ ቁም ሣጥኔ ውስጥ ነው፤ ከፍቼ ስሜን ላጥራ ብል አንድ ደቂቃ አይፈጅም።