አስተርጓሚዬ እምቢ ያሉ ቀን

«ትግርኛሽ እንዴት ያምራል!» የሚለኝ ሰው ያናድደኛል። እንዴት እንደለመድኩት ቢያውቅ አያመሰግነኝም ነበር።

ከደብረ ብርሃን መጥቼ ሓድነት ክፍለ ከተማ፣ አንድ ጤና ጣቢያ በነርስነት ከተመደብኩ ሁለት ዓመት ሆኖኝም ከሰላምታ አላልፍም ነበር። ባለሱቁ በአማርኛ ይመልስልኛል፤ የታክሲ ረዳቱም እንዲሁ። «ተሳሳቺ፣ ይሳቁብሽ፣ ትለምጃለሽ» የሚለኝ አልጠፋም። እኔ ግን የሰው መሳቂያ ከምሆን ምላሴ ቢቆረጥ ይሻለኛል ባይ ነበርኩ። ደግሞስ ምን ቸገረኝ? «እናቴ» ለማለት አደይ የምላቸው የጽዳት ሠራተኛችን አሉልኝ። መወልወያቸውን በሩ ላይ አስደግፈው ይገባሉ፣ በሽተኛው ያለውን በአማርኛ ይነግሩኛል፣ እኔ እጽፋለሁ።

አንዲት ወጣት ሴት ሦስት ጊዜ ተመላለሰች። ሦስቱንም ጊዜ አደይ «ራሷን ያማታል» አሉኝ፣ ሦስቱንም ጊዜ የራስ ምታት ኪኒን ሰጥቼ ሸኘኋት። በአራተኛው ስትመጣ ትዕግሥቴ አልቆ ነበር። አደይን ብጠራቸው ከበሩ አላልፍ አሉ።

«ጓለይ፣ ልጄ፣ ዛሬ አልገባም። አንቺው ጠይቂያት።»

«አደይ፣ ሰው ተሰልፏል እኮ! ምን ብዬ ልጠይቃት?»

«እንደሆነልሽ። ጎረቤቴ ናት፤ እኔ እየሰማሁ አትናገርም።»

በሩን ዘግተውብኝ ሄዱ። ደሜ ፈላ። ይህን ለማወቅ አራት ጊዜ መምጣት ነበረባት? ግን በማን ልናደድ፤ አፍ አጥቼ የተጎለትኩት እኔ ነኝ።

እያላበኝ፣ «ሓፍተይ፣ እንታይ ኮይንካ?» አልኳት። እህቴ፣ ምን ሆነህ እንደ ማለት ነው። እንደ ወንድ ስጠራት ሳቋ አመለጣት። የፈራሁት ደረሰ፤ በገዛ ክፍሌ ተሳቀብኝ። ሌላ ቃል ስፈልግ ስንተባተብ ግን ሳቋን አቁማ ነጠላዋን ገለጠች፣ እጄን ይዛም ግራ ጡቷ ላይ አሳረፈችው። ሎሚ የሚያህል ጠጣር እብጠት ነበር።

«መዓስ ጀሚሩ?» አልኩ። መቼ እንደጀመራት መጠየቄ ነው።

የመለሰችልኝ አልገባኝም። አልተቆጣችም። ለሕፃን እንደሚነገር ቀስ ብላ፣ በጣቷ እየቆጠረች፣ እስኪገባኝ ደጋገመችልኝ፤ የመጀመሪያ ቀንም የመጣችው ለእብጠቱ ነበር።