ጠላ መስሎኝ ያጠለልኩት የቤልጂግ ቢራ

ያንን ቢራ ያበላሸሁት ከንጽሕና ብዛት ነው። ይኼ አስቀድሞ ይታወቅልኝ። ሰነፍ ብሆን ኖሮ ጠርሙሱን እንዳለ ጠረጴዛ ላይ ጎልቼ ዞር እል ነበር፤ ማንም ክፉ ቃል አይናገረኝም።

ከሱዳኑ ጦርነት በፊት ባለው ዓመት ነው። ካርቱም ሁለት በሚባለው ሰፈር አንድ ኸዋጃ ቤት ምግብ አብሳይ ነበርኩ፤ እዚያ አገር ፈረንጁን ኸዋጃ ነው የምንለው። ስድስት ዓመት አብስዬለታለሁ። የእርዳታ ድርጅት ኃላፊ ነው፤ ቀጭን፣ ወሬ የማያውቅ፣ አረብኛው ከኔም የባሰ። ኮንትራቱ አልቆ ሊሄድ አንድ ወር ሲቀረው በቦታው ከድርጅቱ ሌላ ቢሮ አንዲት የምታውቀው ሴትዮ እንደምትመጣ ተሰማ። ቢሮውንም ቤቱንም የምትረከበው እሷ ናት። እኔንስ? እኔን ትረከበኝ አትረከበኝ እንደሆነ የነገረኝ የለም።

ነገሩ የሥራ ብቻ አይደለም። የመኖሪያ ፈቃዴ፣ ኢቃማዬ፣ በእሱ ስም ነው። ከፊሌ፣ ተጠሪዬ፣ እሱ ነው። እሱ ሲሄድ ኢቃማውም አብሮት ይሄዳል። ከዚያ በኋላ ከሻ ሲመጣ፣ ፖሊስ ሐበሻን ከመንገድ እየለቀመ መኪና ላይ ሲጭን ማለት ነው፣ የማሳየው ወረቀት የለኝም። አንዴ ተይዤ አይቼዋለሁ። ሦስት ቀን ሲሚንቶ ላይ ተኝቼ ስወጣ ወገቤ የኔ አልነበረም። ስለዚህ ያን ወር ሙሉ ፈርቼ ነበር።

አርካዊት በሚባል ሰፈር አንድ ክፍል አብራኝ የምትኖር የወሎ ሴት አለች። ካፉሪ ሰፈር አንድ ሀብታም ቤት ትሠራለች፤ በዕድሜ ስለምትበልጠኝ እትዬ ነው የምላት። አላህን ትፈራለች፣ እኔን ግን ቅንጣት አትፈራኝም።

«አብሽሪ፣ ኢንሻአላህ ትቀበልሻለች» ትለኛለች ሁሌ።

«እትዬ፣ ፖሊሱ ኢቃማሽን አምጪ ሲለኝ ያንቺን ኢንሻአላህ አውጥቼ ላሳየው?»

«ወላሂ፣ አንድ ቀን የሚያስይዝሽ ይኼ ምላስሽ ነው!»

አንድ ሐሙስ ኸዋጃው ወጥ ቤት ገባና «ነገ ሴትዮዋ ለምሳ ትመጣለች» አለኝ። ከዚያ ሁልጊዜ የሚቆልፈውን ቁም ሣጥን ከፍቶ አምስት ጥቋቁር ጠርሙሶች እንደ ሕፃን እያቀፈ አወጣ። ሁለት ዓመት ሙሉ እዚያ ነበሩ፤ አቧራቸውን እንኳን አላስጠርግም ብሎ። አገሩ ያለ የአጎቱ ልጅ ትንሽ የጠመቃ ቤት ከፍቶ በእጁ የጠመቀው ጥቁር ቢራ ነው፤ ቤልጂጎች እንደሚሠሩት ዓይነት ነው አለኝ። እኔ በልጅነቴ ቤልጂግ ሲባል የማውቀው ጠመንጃ ነው። ለካ መጥመቅም ይችላሉ። «ፍሪጅ ውስጥ አስቀምጪው፣ በጣም እንዳይቀዘቅዝ። ኸላስ» ብሎኝ ወጣ። በቃ፣ የሰጠኝ ትእዛዝ ይኼ ብቻ ነው።

በነጋታው ጁምዓ እትዬ ዕረፍቷ ስለሆነ ልታግዘኝ መጣች። እሷ ዓሣውን ስታጥብ እኔ ጠርሙሶቹን አንድ በአንድ እወለውላለሁ። አንዱን አንስቼ በመስኮቱ ብርሃን ባየው ከሥሩ ጭቃ የመሰለ ነገር እንቅስቅስ አለ። አተላ! ሌላውን አየሁ፣ አተላ። አምስቱም አተላ።

እኔ የጠላ ሻጭ ልጅ ነኝ። እናቴ አራታችንን ያሳደገችን በጠላ ነው። እኛ ቤት ሌብነት ይቅር ይባላል፣ አተላ ግን ይቅር አይባልም። አንዴ አንድ ጡረተኛ ወታደር ጣሳው ሥር አተላ አገኘና መደቡን በጣሳው ደብድቦ «ሴትዮ፣ ይኼን ለላምሽ አጠጪ!» ብሎ ወጣ። ሳምንት ሙሉ ደንበኛ አልረገጠንም። እናቴ ከዚያ ወዲህ ሁለቴ ሳታጠል ቀድታ አታውቅም። ታዲያ እኔ ይቺን ሴትዮ አተላ ላስጎንጫት? ኢቃማዬ በእሷ እጅ እያለ? ሞቻለሁ!

«ምናልባት እንዲሁ ሆኖ ይሆናል የሚጠጣው» አለች እትዬ።

«አንቺ ደግሞ መቼ ጠጥተሽ ታውቂያለሽ?»

«ያልጠጣ ሰው ዓይን የለውም?»

«ባይሆን ነይና ማጥለያ ሻሹን ያዢልኝ።»

«ሐራም ነው፣ አልነካም።» ትንሽ አሰብ አደረገች። «ሻሹን እንኳ መያዝ እችላለሁ። ሻሽ ሐራም አይደለም።»

ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ የነጩን ሻሽ ጫፎች በጆጉ አፍ ላይ ወጥራ ያዘችልኝ፣ እኔ ገለበጥኩት። የመጀመሪያው ጠርሙስ ሲከፈት ቡፍ ብሎ አረፋው እጄን አልብሶ ወለሉ ላይ ፈሰሰ። ገንፍሏል ማለት ነው፣ ሊበላሽ ነው ብዬ አረፋውን በማንኪያ እየገፈፍኩ ደፋሁት። ሁለቴ አጠለልኩ። ሻሹ ላይ የቀረውን ቡናማ ዝቃጭ ሳይ እንዲያውም ኸዋጃውን ታዘብኩት፤ ይኼን ነው ለእንግዳ ሊያቀርብ የነበረው! ጆጉ ውስጥ የቀረው ግን እንደ ሻይ ኩልል ያለ ነው። በሳሕን ከድኜ ፍሪጅ ከተትኩት። ከጠዋቱ አራት ሰዓት ነበር። ምሳ የሚበሉት ስምንት ሰዓት ነው።

ሴትዮዋ አጭር፣ ደልደል ያለች፣ በካርቱም ፀሐይ ፊቷ የቀላ ናት። አረብኛዋ ከሁለታችንም ይበልጣል። ዓሣው ቀረበ፣ ብርጭቆ ተደረደረ፣ ኸዋጃው እጁን እያፋተገ «ጠርሙሶቹን አምጪ» አለኝ። ጆጉን በሁለት እጄ ይዤ ገባሁ። አየው። ቀጥሎ በወጥ ቤቱ በር አሻግሮ መስኮቱ ላይ የደረደርኳቸውን ባዶ ጠርሙሶች አየ። ፊቱ አመድ መሰለ። ባገሩ ቋንቋ የሆነ ነገር አለ፤ ቋንቋውን ባላውቅም ስድብ መሆኑ አልጠፋኝም።

አለቀልኝ አልኩ በልቤ። ድንጋጤ ሰውን የሚያደርገውን ያሳጣዋል፤ እጄ የእናቴን ሥራ ሠራ። ከጆጉ ትንሽ መዳፌ ላይ ጠብ አድርጌ ቀመስኩ።

«ምን ማድረግሽ ነው?» አለችኝ ሴትዮዋ።

«እኛ ዘንድ የሚቀዳው ሰው ቀድሞ ይቀምሳል። እንግዳው መርዝ እንደሌለበት እንዲያውቅ።»

«በመዳፍማ ምን ይታወቃል» አለችና የራሷን ብርጭቆ ሞልታ ሰጠችኝ፤ ወንበርም ሳበችልኝ። ስድስት ዓመት ያንን ጠረጴዛ ስወለውል ኖሬ ተቀምጬበት አላውቅም። ተቀመጥኩ። ቀመስኩ።

መጀመሪያ ጣፈጠኝ፤ የቴምር ጣፋጭ ዓይነት ነው። ቀጥሎ ያረረ ደረቆት መጣ፣ እናቴ ለጠላው አጥቁራ የምትጋግረው ቂጣ ማለቴ ነው፤ ከሱ ኋላ ደግሞ ቅርንፉድ የመሰለ ነገር። ደህና ዋጥኩት፣ አለፈ ስል ደረቴ ውስጥ ገብቶ ሞቀኝ። ሁለት ዓመት ተቆልፎ የኖረው ይኼ ነው? እሰይ!

«እሺ፣ እንዴት ነው?» አለችኝ።

«ጠማቂው ደረቆቱን አሳርሮታል፤ ግን አውቆ ነው ያሳረረው፣ እጁ ጥሩ ነው» አልኩ። «ያነሰው ጌሾ ነው። መራራ ስለሌለው ምላስ ላይ ይጣበቃል። ለሰርግ ይሆናል። ለሥራ ቀን ግን አይሆንም፣ ያስተኛል።»

ሴትዮዋ ሳቀች። እሷም ጠጣች፤ አረፋው ስለሌለ የሳል ሽሮፕ መስሏል አለች፤ ግን ደግማ ቀዳች። ኸዋጃው አልሳቀም፣ ዓሣውን አፍጥጦ ያያል። ከዚያ ብርጭቆዋን አስቀመጠችና ወደኔ ዞረች።

«ልንገርሽ፣ እኔ ምግብ አብሳይ አልፈልግም። ለራሴ አበስላለሁ። ይኼንንም ገና ከወር በፊት ጽፌለታለሁ። እሱ ግን ነገሩን አልተወውም። ይኼን ቢራ ሁለት ዓመት ለምኜ የከለከለኝ ሰውዬ ‹አምስቱንም ውሰጂ፣ ብቻ ኢቃማዋን ፈርሚላት› አለኝ።»

ጆሮዬን ማመን አቃተኝ። ሳጠልለው የዋልኩት ጉዳይ ማስፈጸሚያዬን ነበር! ራሴን በጥፊ ብል ደስ ባለኝ።

«የምሰጥሽ ሥራ የለኝም» አለች ሴትዮዋ። «ፓስፖርትሽን ግን እሑድ ቢሮ ይዘሽ ነይ። ቢራውን ጠጥቻለሁ፣ እፈርማለሁ።»

ከወጥ ቤት በር ኋላ «አልሐምዱሊላህ!» የሚል ጩኸት ተሰማ። እትዬ ናት፣ ለካ ጆሮዋን ተክላ ቆማለች። እኔም እንባዬ መጣ፤ ደስታ ብቻ ቢሆን ጥሩ፣ ንዴትም ነበረበት። ወደ ኸዋጃው ዞርኩ።

«ለምን አልነገርከኝም?»

«እንዳትጨነቂ ብዬ ነው» አለ፣ አሁንም ዓሣውን እያየ።

«እንዳልጨነቅ? እና ይኼን ወር ምን ሆኜ የከረምኩ መስሎህ ነው?»

ቀና ብሎ አየኝ።

«አልጠየቅሽኝም እኮ» አለኝ።

እውነቱን ነው፤ በስድስት ዓመት ውስጥ ጠይቄው የማውቀው ሩዝ ይሁን ድንች የሚለውን ብቻ ነው።